«ኡዝ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል መቼና እንዴት እንጠቀምበታለን?

ቀስ ብሎ የሚወርድን ፈሳሽ ለመግለጽ እንግሊዝኛ ድሪፕ፣ ትሪክል፣ ሲፕ፣ ሊክ፣ ኡዝ የመሳሰሉ ቃላት አሉት። ባለ ሁለት ቋንቋ መዛግብተ ቃላት ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁሉ «ቀስ ብሎ ፈሰሰ» ወይም «ተንጠባጠበ» ብለው ስለሚያልፏቸው፣ ተማሪው አንዱን በሌላው ቢተካ የሚጎድል ነገር አይመስለውም። ቋንቋው አፍ መፍቻው ለሆነ ሰው ግን እያንዳንዱ ቃል የተለየ ሥዕል ይዞ ይመጣል። ከመካከላቸው ያለ ቦታው ሲገባ ደጋግሜ የማየው ኡዝን ነው፤ ምክንያቱም ከቃሉ ዝግታውን ብቻ ወስደን ውፍረቱን እንተወዋለን።

እኔም ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ስለ መጀመሪያ ደረጃ የሕክምና ርዳታ የተጻፈ አጭር ጽሑፍ ስተረጉም፣ በሦስት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ቃላት የተገለጹትን ሦስት ዓይነት መድማቶች ሁሉንም «ደም ይፈሳል» ብዬ አስቀመጥኳቸው። ረቂቁን ያየችልኝ ነርስ «ታዲያ አንባቢው የትኛውን አስቀድሞ ያስቁም?» ስትለኝ ደነገጥኩ። ከደም ቅዳ ቧንቧ የሚወጣ ደም ደማቅ ሆኖ በልብ ምት ልክ እየዘለለ ይረጫል፤ ከደም መልስ ቧንቧ የሚወጣው ጠቆር ብሎ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ጉልበት ሲላጥ ከቆዳ ሥር ካሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚወጣው ግን ቀስ እያለ ቆዳው ላይ ችፍ ይላል። የሕክምና ጽሑፎች ኡዝ የሚሉት ይህን ሦስተኛውን ነው። በእኔ ትርጉም ውስጥ የተላጠ ጉልበትና የተቆረጠ ደም ቅዳ ቧንቧ እኩል ሆነው ነበር።

የቃሉን እምብርት ለመያዝ አዲስ የተጠረበ የጥድ ግንድ ማሰብ ይጠቅማል። ሙጫው እንደ ውሃ ወዲያው አይወርድም። መጀመሪያ በተጠረበው ስፍራ ጠርዝ ላይ ያቀርራል፤ ቀጥሎ እየተጠራቀመ ያብጣል፤ በመጨረሻም ክብደቱን መሸከም ሲያቅተው እየተለጠጠ ወደ ታች ይሳባል። ኡዝ ይህ ሁሉ ነው። ፈሳሹ ወፈር ወይም ዝልግልግ ያለ መሆኑ፣ ከአንድ ነገር ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ ወይም በስንጥቅ በኩል መውጣቱ፣ ሲወጣም የሚገፋው ብርቱ ኃይል አለመኖሩ በአንድ ቃል ይነገራል። ከዚያው ግንድ እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ በቀጭን መስመር ቢወርድ ግን ቃሉ ትሪክል ይሆን ነበር።

በአማርኛ ለኡዝ በጣም የሚቀርበው ማዠት ነው። «ቁስሉ ያዣል» ስንል ዝግታውም፣ ውፍረቱም፣ ከውስጥ መውጣቱም ሳይጓደል ይገኛል። ይሁንና አዠ የሚለው ግሥ ከቁስል ብዙም አይርቅም፤ ጭቃ አዠ ወይም ሙጫ አዠ ብንል ጆሮ አይቀበለውም። ስለዚህ ተርጓሚ እንደ ፈሳሹ ዓይነት ቃል መለወጥ ይኖርበታል፤ ለላብና ለጥቂት ደም «ችፍ አለ»፣ ለሙጫ «እየተዝለገለገ ወጣ»፣ በጣቶች መካከል ለሚወጣ ጭቃ ደግሞ «እየተጨመቀ ወጣ» ማለት ይቻላል። ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል መድቦ ሁልጊዜ እሱኑ ማስገባት የማይሠራበት ጉዳይ ካለ፣ አንዱ ይህ ነው።

ጎረቤት ቃላቱን መለየት የሚያስቸግረው እስኪለመድ ብቻ ነው። ድሪፕ ጠብታ ነው፤ በደንብ ያልተዘጋ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ድሪፕ ያደርጋል፤ በሁለት ጠብታዎች መካከልም ባዶ ጊዜ አለ። ትሪክል በቀጭኑ የሚወርድ መስመር ሲሆን፣ በጉንጭ ላይ ኮለል የሚል እንባ ዋና ምሳሌው ነው። ሲፕ ሰረገ ከሚለው ግሣችን ጋር ይገጥማል፤ ውሃ በአፈር ወይም በግድግዳ ውስጥ አልፎ ሲገባ ወይም ሲወጣ እንጠቀምበታለን፤ ትኩረቱም ፈሳሹ በሚያልፍበት ነገር ላይ ነው። ሊክ ከሁሉም በአንድ ነገር ይለያል፤ ሌሎቹ ስለ ፈሳሹ አካሄድ ሲናገሩ፣ ሊክ ግን መያዝ የነበረበት ዕቃ እንከን እንዳለው ይከስሳል። ጣሪያው ያፈሳል፣ በርሜሉ ያፈሳል ስንል የምንወቅሰው ጣሪያውንና በርሜሉን ነው። ቁስል መግል ሲያወጣ ግን ቁስሉን ሊክ አደረገ ብለን አንወቅሰውም።

እዚህ ላይ አንድ ያፈነገጠ አጠቃቀም መጥቀስ ተገቢ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ወፍራም ቢሆንም፣ ከከርሠ ምድር በራሱ ወደ ላይ ሲወጣ ባለሙያዎች ቦታውን ኦይል ሲፕ እንጂ ኦይል ኡዝ አይሉትም። የሙያ ስያሜ አንዴ ከጸና ከዕለት ተዕለቱ ሥርዓት ጋር ባይስማማም እንዳለ መውሰድ ይሻላል።

ወደ ሰዋስው ስንመጣ፣ ኡዝ እንደ ግሥ በሁለት መንገድ ይሠራል። በአንደኛው ባለቤቱ ፈሳሹ ነው፤ «ብለድ ኡዝድ ፍሮም ዘ ዉንድ» ማለት ደም ከቁስሉ ቀስ እያለ ወጣ ማለት ነው። በሁለተኛው ባለቤቱ ፈሳሹ የሚወጣበት ነገር ይሆንና ፈሳሹ ተሳቢ ሆኖ ይከተላል፤ «ዘ ዉንድ ኡዝድ ፐስ»፣ ማለትም ቁስሉ መግል አወጣ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ምርጫው የሚወሰነው አንባቢው ደሙን ወይስ ቁስሉን እንዲያይ እንደምንፈልግ ነው። በተደራጊ መልክ «ብለድ ዎዝ ኡዝድ» ብሎ መጻፍ ግን ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ደሙን ገፍቶ ያወጣው አድራጊ ስለሌለ ነው። የመነሻውን ቦታ ለማመልከት ፍሮም ወይም አውት ኦቭ፣ የሚያልፍበትን ለማመልከት ስሩ፣ የሞላበትን ለመግለጽ ዊዝ ይከተለዋል። ሲጻፍ ሁለት ኦ፣ ዜድና ኢ ይይዛል፤ ኢንግ ሲጨመርበት የመጨረሻዋ ኢ ትወድቃለች።

በአነጋገር በኩል መጠንቀቅ ያለብን ከዩዝ ጋር እንዳይምታታ ነው። ዩዝ፣ ማለትም ተጠቀመ፣ በዩ ሲጀምር ኡዝ ግን በረጅም ኡ ይጀምራል፤ ከፊቱ የየ ድምፅ ሾልኮ ከገባ ሰሚው ሌላ ግሥ ይሰማል። መድረሻ ድምፁም ዝ እንጂ ስ አይደለም። ቹዝ የሚለውን ቃል በትክክል የሚጠራ ሰው የመጀመሪያዋን ቸ ቢያነሣት የሚቀረው ኡዝ ነው።

ቃሉ ስምም ሆኖ ያገለግላል፤ ከሥር የተቀመጠ ለስላሳ ጭቃ ወይም ደለል ማለት ነው። ይህ ፍች ከግሡ ጋር ለምን እንደሚመሳሰል ብዙዎች ይጠይቃሉ፤ የታሪኩ መልስ ደግሞ ደስ ይላል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዎስ የሚባል፣ የዕፅዋት ጭማቂን የሚያመለክት ቃል ነበረ፤ ከእሱ የማይዛመድ፣ ጭቃ ማለት የሆነ ዋሴ የሚባል ሌላ ቃልም ነበረ። ዘመናት ሲያልፉ ሁለቱም የመጀመሪያ ድምፃቸውን አጥተው ዛሬ በአንድ መልክ ይጻፋሉ። ዝልግልጉ ጭማቂና ዝልግልጉ ጭቃ በአንድ ስም መገናኘታቸው ግን ለተማሪው ማስታወሻ ሆኖለታል።

በውቅያኖስ ጥናት ይህ ስም ጥብቅ ትርጉም አለው። ቢያንስ 30 በመቶ የሚሆነው ይዘቱ ከደቃቃን የባሕር ፍጥረታት ቅሪት የመጣ የጥልቅ ባሕር ወለል ደለል ኡዝ ይባላል። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. ባደረገችው የምርምር ጉዞ ከባሕር ወለል ያወጣቻቸው ናሙናዎች ለዚህ ስያሜ መስፋፋት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በዚህ ሙያ ውስጥ ቃሉ የብዙ ቁጥር ምልክት ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያ ውጭ ግን ጭቃ የሚለውን ያህል የማይቆጠር ስም ነው።

በጣም የሚፈተነው አጠቃቀም ዘይቤያዊው ነው። «ሂ ኡዚዝ ኮንፊደንስ» ሲባል በራሱ መተማመኑ ሳይናገር ከሁለንተናው ይታያል ማለት ነው። ሰውየው ውስጡ ሞልቶ በላዩ ላይ እንደሚያቀርር ነገር ተቆጥሯል። በራስ መተማመን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ምስጋና ነው። «ሺ ኡዚዝ ቻርም» ሲባል ግን ልንጠነቀቅ ይገባል፤ ደስ የምትል ሴት ናት ማለትም፣ ደም ግባቷን እንደ ቅቤ እየቀባች ሰውን ታታልላለች ማለትም ሊሆን ስለሚችል፣ ፍርዱ በዙሪያው ባሉት ዐረፍተ ነገሮች ይወሰናል። ቅንነት ከአንድ ሰው ኡዝ አደረገ የሚል ጽሑፍ ሳይ እኔ ሁልጊዜ ሽሙጥ እጠረጥራለሁ። ዜናና ገንዘብ ግን በኡዝ አይሄዱም፤ ጥቂት በጥቂት ሲደርሱ ትሪክል ያደርጋሉ፣ ምስጢር ሲሾልክም ቃሉ ሊክ ነው።

ኡዝ መግልንና ጭቃን የሚያስታውስ ቃል በመሆኑ፣ ለምስጋና ደብዳቤ ወይም ለድጋፍ ማስረጃ አልመርጠውም። ስለ አንድ ሠራተኛ በራስ መተማመን በክብር መጻፍ ሲያስፈልግ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ያለውና ከመግል ሽታ ነጻ የሆነው ኤግዙድ የሚለው ግሥ ይሻላል፤ የሚከተለውም እንደ ኡዝ ሁሉ ቀጥተኛ ተሳቢ ስለሆነ፣ ግሡን ብቻ መቀየር ይበቃል።