ውሃ በማይተኛበት መሬት ሩዝ እንዴት እንደሚመረት

ሩዝ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ክረምቱን በውሃ ተሸፍኖ ወደሚከርመው የፎገራ ሜዳ ይሄዳል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2006 በአገራችን የተለቀቀውን ኔሪካ-4ን የመሰሉ ዝርያዎች እንደ ስንዴ በዝናብ ብቻ ይበቅላሉ። የተኛ ውሃ አረሙን ያፍናል፣ በአፈሩ ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስና ብረትም ለሥሩ ይለቃል፤ ውሃው በሌለበት ማሳ ግን ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራው ገበሬው ራሱ ነው።

በመጀመሪያ፣ ጥልቀት ያለውና እርጥበት የሚይዝ ማሳ ይመረጣል፤ አሸዋማ መሬት ሩዙ በሚያብብበት ጊዜ ዝናብ ቢቆም ፍሬውን ባዶ ያስቀረዋል። የመጀመሪያው እርሻ ቀደም ብሎ ይታረስና አረሙ እንዲበቅል ይተዋል፤ ከዚያም ተገልብጦ ይጠፋል። በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ካለ በመጨረሻው እርሻ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል።

ዝናቡ ሲረጋ፣ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ ነገር ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ሲሆን፣ በየ20 ወይም 25 ሳንቲሜትር ትልም ይወጣል። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዘር ይበቃል፤ ከ3 ሳንቲሜትር በላይ መቅበር ግን ብቅለቱን ያሳሳዋል።

ማዳበሪያው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ኤንፒኤሱ፣ ማለትም ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ የያዘው ማዳበሪያ፣ በዘር ወቅት በትልሙ ውስጥ፣ ዘሩን ሳይነካ፣ መግባት አለበት። ዩሪያ ደግሞ አየር በሚያገኝ አፈር ውስጥ ቶሎ ወደ ናይትሬት ስለሚለወጥ፣ በአንድ ጊዜ ለመገላገል ተብሎ የተበተነውን የሐምሌ ዝናብ ከሥሩ በታች ይዞት ይወርዳል። የአካባቢው የአፈር ምርመራ ሌላ ካላሳየ፣ ለአንድ ጥማድ 25 ኪሎ ኤንፒኤስና 25 ኪሎ ዩሪያ እንደ መነሻ ሊያዝ ይችላል፤ ይህም 16 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይሰጣል።

የዩሪያው ግማሽ የሚሰጠው ከመጀመሪያው አረማ በኋላ፣ ተክሉ የጎን ቡቃያ ሲያወጣ ነው። ሳይታረም ዩሪያ መስጠት ሙጃን መቀለብ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ በቀን ቆጠራ ብቻ መወሰን አያስተማምንም፤ ይልቁንም ከዋናው ግንድ አንዱን ነቅሎ ከሥሩ ወደ ላይ በምላጭ መሰንጠቅ ይሻላል። ከላይኛው አንጓ በላይ 2 ሚሊሜትር የምታህል፣ ጥጥ የመሰለች ነጭ ጫፍ ከታየች ዛላው ተፀንሷልና ጊዜው ደርሷል። ዩሪያው በቅጠሉ ላይ ያለው ጤዛ ወይም የዝናብ ውሃ ሲደርቅ፣ እርጥብ አፈር ላይ በመስመሩ ጎን ተሰጥቶ በአፈር ይሸፈናል።

ቢጫነት በታችኛው፣ በአሮጌው ቅጠል ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ነው። አዲሱ ቅጠል በደም ሥሮቹ መካከል ከነጣ ግን ብረት ማነሱን ያመለክታል፤ ይህ ኖራማ አፈር ላይ የሚታይ ሲሆን ዩሪያ መጨመር አያድነውም።

ሩዝ በሩዝ ላይ በየዓመቱ ሲዘራ በደረቅ መሬት ምርቱ እየወረደ ስለሚሄድ፣ በቀጣዩ ክረምት አኩሪ አተር ወይም ማሾ ይዘራበታል። ገለባው ለከብት ከሄደ ፍጉ ወደዚያው ማሳ ይመለስ፤ ተክሉ የወሰደው ፖታሲየም አብዛኛው ያለው እዚያው ገለባው ውስጥ ነው።