ሥራው በስፕሪንት፣ ክፍያው በቁርጥ፦ ችግርና መፍትሄ

በአጃይል፣ ማለትም ሥራን በአጫጭር ዙሮች ከፋፍሎ በየዙሩ አስተያየት እየተቀበለ የሚሠራ ቡድን፣ አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ያስረክባል፤ ዙሩ ስፕሪንት ይባላል። ውሉ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የተጻፈውን ዝርዝር ይዞ ግትር ይላል። ሶፍትዌር ለደንበኛ የምትሠሩ ከሆነ ከታች ያሉት ጭቅጭቆች አዲስ አይሆኑባችሁም።

ችግር፦ «ይቺን ብቻ ጨምሩልኝ» ማለቂያ አጣ

ምክንያት፦ ደንበኛው አመለኛ ሆኖ አይደለም። ዴሞ (የደረሰውን ሥራ ማሳያ) የምታሳዩት አስተያየት እንዲሰጥ ነው፤ ሰጠ። ጥፋቱ ቁርጥ ዋጋን ከቁርጥ ዝርዝር ጋር ማሰሩ ላይ ነው። ለውጥ በመጣ ቁጥር ወይ እናንተ ትከስራላችሁ፣ ወይ እሱ ጭማሪ ተጠይቆ ያኮርፋል።

መፍትሄ፦ ዋጋውን ቁረጡ፣ ዝርዝሩን ልቀቁት። ስክረም ከተባለው የአጃይል አሠራር ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ጄፍ ሰዘርላንድ የሚመክረው አንቀጽ እዚህ ይሠራል፦ ያልተጀመረ ሥራ ተመሳሳይ ግምት ባለው አዲስ ሥራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይተካል። ለምሳሌ የሱቅ መተግበሪያ እየሠራችሁ ደንበኛው በሦስተኛው ስፕሪንት «በቴሌብርም ይከፈል» አለ እንበል። ግምቱ 8 ነጥብ ነው (ነጥብ የሥራ መጠን መገመቻ ነው)። ከባክሎጉ (ገና ካልተሠሩት ሥራዎች ዝርዝር) ግርጌ የቅናሽ ኩፖኑ (5) እና ሪፖርትን ወደ ኤክሴል መላኪያው (3) ይወጣሉ። የሚወጣውን ደንበኛው ራሱ ይምረጥ፤ እናንተ ከመረጣችሁ ሌላ ጠብ ነው። በዚያው በሰዘርላንድ አሠራር ደንበኛው «ይበቃኛል» ካለ፣ ከቀሪው ክፍያ 20 በመቶውን ከፍሎ ቀድሞ መውጣት ይችላል።

ይህ የሚሠራው ደንበኛው በየስፕሪንቱ ከተገኘ ብቻ ነው። ከጠፋ አንቀጹ አይሠራም ብላችሁ ጻፉ።

ችግር፦ በሰዓት ስታስከፍሉ በየደረሰኙ ንትርክ

ምክንያት፦ ደንበኛው መጨረሻው ስንት እንደሚሆን አያውቅም። ስጋቱ ሁሉ እሱ ላይ ወድቋል።

መፍትሄ፦ ጣሪያ አብጁለት። ግምቱ 800 ሺህ ብር፣ ጣሪያው 1 ሚሊዮን ይሁን። ከ800 ሺህ በላይ ያለው ሰዓት በግማሽ ዋጋ ይታሰባል። ከግምቱ በታች ካለቀ የተረፈውን እኩል ተካፈሉ። ያኔ ሁለታችሁም ቶሎ መጨረስ ያዋጣችኋል።

ችግር፦ እናንተ «አልቋል»፣ እሱ «አላለቀም»

ያለቀ የሚባለው ምን እንደሆነ አልተጻፈም ማለት ነው። ተፈትኖ፣ ሰርቨር ላይ ወጥቶ፣ ደንበኛው አይቶት ነው ወይስ ኮዱ ስለተጻፈ ብቻ? ጻፉት። አስተያየት የሚሰጥበትንም ቀን ቁረጡ፤ ካለፈ ተቀብሏል።

ችግር፦ ውሉ በብር፣ ወጪው በዶላር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሰርቨር ኪራይ በቁርጥ ዋጋው ውስጥ የከተተ ቡድን ትርፉ የት እንደገባ መገመት አይከብድም። የሰርቨሩን ወጪ ከሥራ ዋጋው ለዩና በደንበኛው ስም ይከፈል። የስፕሪንት ዋጋችሁንም በየሦስት ወሩ የመከለስ መብት ያዙ።

ችግር፦ «ቁርጥ ዋጋ ካልሰጣችሁን አንዋዋልም»

የግዥ ክፍሎች ይህን ይወዳሉ። አንዳንዱ አልሚ ደግሞ «አጃይል ውል አይወድም» ብሎ ይከራከራል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ 17 ሰዎች የፈረሙት የአጃይል ማኒፌስቶ (የአጃይል መርሆች መግለጫ) ከውል ድርድር ይልቅ ከደንበኛ ጋር መተባበርን አስቀደመ እንጂ ውልን አልሻረም። ስለዚህ አትከራከሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስፕሪንቶች ብቻ በቁርጥ ተዋዋሉ። ከዚያ በታየው ፍጥነት ለቀጣዩ ምዕራፍ ዋጋ ስጡ።