ጠዋት ጠዋት ጠክ ጠክ የሚል ፒካፕ፦ የሊፍተር ችግርና መፍትሄው

«ሊፍተር ነው ብለውኛል» ብሎ ጋራዥ የሚመጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እውነትም ሊፍተሩ ሄዶበታል። ሌላው አንድ የጭስ ማውጫ ብሎን ተበጥሶበት ሳለ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ለማስወረድ ብር ተበድሮ የመጣ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ የወገኖቻችንን ፒካፕ ስሠራ ሁለቱንም ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ከርካሹ ምርመራ ተነስቼ ወደ ውዱ ልሂድ።

የምናወራው ስለ ሸቭሮሌ ሲልቨራዶና ጂኤምሲ ሲየራ 5.3 እና 6.2 ሊትር ቪ8፣ እንዲሁም ስለ ራም 1500 5.7 ሊትር ሄሚ ነው። አገር ቤት በሃይሉክስ ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። እነዚህ ሞተሮች መንገዱ ቀሎላቸው ሲሄዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ከስምንቱ ሲሊንደር አራቱን ያሳርፋሉ። ማሳረፍ ሲባል ነዳጁን መቁረጥ ብቻ አይደለም፤ አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት ባልቮላዎችም ተዘግተው ይቆያሉ። ይህን የሚያደርገው ሊፍተሩ ነው።

ሊፍተር ማለት ጉብታ ባለው ዘንግ (ካምሻፍቱ) ላይ እየተንከባለለ ባልቮላውን የሚያስከፍተውን ቀጭን በትር (ፑሽሮዱን) ወደ ላይ የሚገፋ፣ አውራ ጣት የሚያህል ብረት ነው። ተራው ሊፍተር ዝም ብሎ ይገፋል። የሚያሳርፈው ሊፍተር ግን አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሁለት አካል አለው፤ ሁለቱን የሚቆልፏቸው ትንንሽ ፒኖች ናቸው። ኮምፒውተሩ በሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ በሚከፈት ቫልቭ) በኩል የዘይት ግፊት ሲልክ ፒኖቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ካምሻፍቱ ቢዞርም ሊፍተሩ በራሱ ውስጥ ይሰምጣል እንጂ ፑሽሮዱን አይገፋም። ግፊቱ ሲለቀቅ ፒኖቹ ተመልሰው ይቆልፋሉ። ይህ በአንድ ጉዞ ስንትና ስንት ጊዜ ይደጋገማል። ዘይቱ ከቆሸሸ፣ ካነሰ ወይም ግፊቱ ከወረደ ፒኑ አንድ ቀን በዚያው ገብቶ ይቀራል።

ምልክት አንድ፦ ሲቀዘቅዝ ይጮሃል፣ ሲሞቅ ዝም ይላል

ጠዋት ስታስነሱት ጠክ ጠክ ይላል፤ አሥር ደቂቃ ከነዳችሁት በኋላ ይጠፋል። ሊፍተር ከማለታችሁ በፊት የጭስ ማውጫ ማኒፎልዱን፣ ከቴስታታው ጭሱን የሚቀበለውን ቱቦ፣ እዩ። በነዚህ ሞተሮች፣ በሄሚም በጂኤምም (የሸቭሮሌና የጂኤምሲ አምራች)፣ የማኒፎልድ ብሎን መበጠስ የታወቀ በሽታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰውም የኋለኛው፣ ወደ ጋቢናው የተጠጋው ነው። ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋና ክፍተቱን ይዘጋዋል፤ ድምፁም አብሮ ይጠፋል።

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ ባትሪ መብራት ይዛችሁ በጎማው በኩል ወደ ማኒፎልዱ ተመልከቱ። የጎደለ የብሎን ራስ ወይም በመጋጠሚያው ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ምልክት ካያችሁ ነገሩ አለቀ። አንድ የዕቃ ማጓጓዝ ሥራ ያለው ወዳጄ ሌላ ቦታ ሙሉ የሊፍተር ሥራ ተተምኖለት ነበር የመጣው። ረጅም ካቻቢቴ ወስጄ እጀታውን ጆሮዬ ላይ፣ ጫፉን ባልቮላ ክዳኑ ላይ አደረግሁ፤ ጸጥ ያለ ነው። ወደ ማኒፎልዱ የኋላ ጫፍ ሳስጠጋው ጠክ ጠኩ ጆሮዬን ሊበሳው ደረሰ። ሁለት ብሎን ተበጥሷል። እነሱን ቆፍሮ ማውጣት የራሱ ጣጣ ቢኖረውም ቴስታታ ከማውረድ ጋር ግን አይወዳደርም።

ከ2014 ሞዴል ወዲህ ያሉት የጂኤም ሞተሮች ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጩ ኢንጀክተሮቻቸው በተፈጥሯቸው ቲክ ቲክ ይላሉ። ፈጠን ያለ፣ ቀጭን፣ ሲሞቅም የማይቀየር ድምፅ ከሆነ ተዉት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ምልክት ሁለት፦ ሲሞቅም አይጠፋም

ድምፁ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ) ይሰማል፣ ነዳጅ ስትሰጡት እየፈጠነ ይከተላል፣ ካቻቢቴውን ባልቮላ ክዳኑ ላይ ስታደርጉት ይጎላል። አሁን ሊፍተር መጠርጠር ተገቢ ነው። በሄሚ ላይ በተለይ የሚጎዳው የሊፍተሩ ሮለር ነው፤ መዞሩን ትቶ ካምሻፍቱን መፋቅ ይጀምራል። በሄሚ የማያሳርፉት ተራ ሊፍተሮችም እንዲህ ይሆናሉ። ብዙ መካኒክ ምክንያቱን መኪናውን አቁሞ ለረጅም ሰዓት በሚኒሞ ከማሠራት ጋር ያያይዘዋል፤ ሞተሩ ቀስ ሲል ወደ ካምሻፍቱ የሚረጨው ዘይት ያንሳልና። ገልፍ ላይ ኤሲ ከፍታችሁ መኪና ውስጥ ለምትጠብቁ ሾፌሮች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ደረጃ ሬዲዮውን ጨምሮ መንዳት ከሁሉ የከፋው ነው። ዛሬ ሊፍተር ብቻ የነበረው ከወር በኋላ ካምሻፍት ይሆናል። የተፋቀው ብረትም ከዘይቱ ጋር ሞተሩን ይዞራል።

ምልክት ሦስት፦ ቼክ ኢንጂን በርቷል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል

ስካነር ስትሰኩ ሲሊንደር መሳቱን የሚናገር ኮድ፣ ፒ0300 (ከአንድ በላይ ሲሊንደር) ወይም ከፒ0301 እስከ ፒ0308 ካሉት አንዱን ታገኛላችሁ። በእነዚህ የመጨረሻዋ ቁጥር የሲሊንደሩ ቁጥር ናት፤ ትልቁን ፍንጭ የምትሰጠውም እሷ ናት። በ2007 ፒካፖች ላይ በጀመረው የጂኤም አሠራርም ሆነ በሄሚ የሚያርፉት 1፣ 4፣ 6 እና 7 ናቸው። በሾፌሩ በኩል ከፊትና ከኋላ ጫፍ ያሉት ሁለቱ፣ በተሳፋሪው በኩል ደግሞ መሐል ያሉት ሁለቱ ማለት ነው። ኮዱ ፒ0307 ካለ ሊፍተር ጠርጥሩ፤ ፒ0303 ካለ መጀመሪያ ሌላ ነገር ፈልጉ። ከ2019 ወዲህ ጂኤም በብዙዎቹ ላይ ባስገባው አዲስ አሠራር ግን ስምንቱም ማረፍ ይችላሉ፤ በ17 ዓይነት አሰላለፍ ይቀያየራሉ። እዚያ ላይ ቁጥሩ ይህን ያህል አይረዳም።

ቢሆንም ዘለን ቴስታታ አንከፍትም። መጀመሪያ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ቦቢና ከጎረቤት ሲሊንደር ጋር ቀያይሩ። ችግሩ ቦቢናውን ተከትሎ ከሄደ በትንሽ ብር ተገላገላችሁ። ካልሄደ ካንዴላውን አውጡ። ሄሚ ላይ ካንዴላው 16 ነው፣ በየሲሊንደሩ ሁለት ሁለት፤ ታገሡ። በ2007 እና በ2011 መካከል ያሉ 5.3 ሞተሮች ላይ አንድ ማሳሳቻ አለ። ካርተሩ ውስጥ ያለው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ዘይት ወደ ሲሊንደር ግድግዳ ይረጫል፤ ካንዴላው በዘይት ይጨማለቅና ሲሊንደሩ ይስታል። የሚበዛውም በ1 እና በ7 ላይ ስለሆነ ልክ ሊፍተር ይመስላል። መፍትሄው ግን መከለያ ቆርቆሮ፣ የተሻሻለ የግራ ባልቮላ ክዳንና አዲስ ካንዴላ ነው።

ካንዴላውም ቦቢናውም ደህና ከሆኑ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበትን ግፊት) ለኩ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮምፕሬሽኑ ወርዶ ሲያይ «ፒስተን ሄዷል» ይላል። ሁለተኛውን ምርመራ ጨምሩ፦ ሁለቱም ባልቮላ በሚዘጋበት ቦታ ላይ ሲሊንደሩ ውስጥ አየር በግፊት አስገቡና የሚያፈስ መሆኑን እዩ። አየሩን ይዞ ከቆየ ፒስተኑም ባልቮላውም ጤነኛ ናቸው። ታዲያ ኮምፕሬሽኑ ለምን ወረደ? ሲሊንደሩ አየር አልሳበማ። ባልቮላው አልተከፈተም፣ ሊፍተሩ ተኝቷል። ማስገቢያው ደህና ሆኖ ማስወጫው ብቻ ካልተከፈተ ደግሞ በአየር ማስገቢያው በኩል ፓፍ ፓፍ የሚል ድምፅ ይሰማል።

ማረጋገጫው የባልቮላ ክዳኑን ፈቶ ሰው ሞተሩን እንዲያዞር ማድረግ ነው። ባልቮላዎቹን የሚጫኑት ስምንቱ ሮከሮች እንደ ፒያኖ ጣት ተራ በተራ ይነሳሉ ይወርዳሉ። አንዱ ከቀረ፣ ወይም የግማሹን ያህል ብቻ ከተነቃነቀ፣ አገኛችሁት። እግረ መንገዳችሁን የባልቮላ ስፕሪንግ የተሰበረ መሆኑን እዩ፤ ከሆነ ቴስታታ ሳይወርድ ይቀየራል። ፑሽሮዱንም አውጥታችሁ መስታወት ላይ አንከባልሉት፤ የተጣመመ ያነክሳል።

ቼክ ኢንጂኑ ብልጭ ድርግም ካለ መኪናውን አቁሙ። ያልተቃጠለው ነዳጅ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን እያቃጠለ ነው፤ እሱም በራሱ ውድ ዕቃ ነው።

ምልክት አራት፦ የዘይት ግፊቱ ወርዶ ይታያል

በቀድሞዎቹ 5.3 ሞተሮች የዘይት ግፊት ሴንሰሩ ከሞተሩ ኋላ፣ ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ጀርባ ተቀምጧል። ከሥሩ ጥፍር የምታህል ወንፊት አለች። እሷ ስትደፈን ግፊቱ ደህና ሆኖ ሳለ ጌጁ ዝቅ ያለ ያሳያል። በሜካኒካል ጌጅ ሳትለኩ የዘይት ፖምፓ አትግዙ። ጌጁም ዝቅተኛ ካረጋገጠ፣ ከፖምፓው ጋር በተያያዘው መሳቢያ ቱቦ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ደርቆ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ሊፍተር ቀይሮ ይህን የተወ ሰው አዲሱንም ሊፍተር ይቀብረዋል።

ሌላ በሽታ እንዳይመስላችሁ

6.2 ሊትር ኤል87 ሞተር ያላችሁ፣ በ2025 ጂኤም ከ2021 እስከ 2024 ሞዴል ያሉትን አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ፒካፖችና ኤስዩቪዎች ለጥገና ጠርቷል። ያ የክራንክሻፍትና የኮኔክቲንግ ሮድ ችግር እንጂ የሊፍተር አይደለም። ከታች የሚመጣ ከባድ ድም ድም የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የቪን (የሻንሲ) ቁጥራችሁን በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩ፤ ሥራው በነፃ ነው። የሊፍተሩም ጉዳይ ቢሆን ጂኤም ለሞተርና ካምቢዮ የሚሰጠው ዋስትና 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፤ ይህ ሳያልፍ ከኪሳችሁ አትክፈሉ። የዘይት ቅያሬ ደረሰኝ ግን ይጠየቃል።

ጥገናው

በሁለቱም ሞተሮች ሊፍተር ለማውጣት ቴስታታ መውረድ አለበት። ቴስታታው ተቀምጦ ሳለ በላይ በኩል የሚወጣበት መንገድ የለም። ከባዱ ወጪ የሊፍተሩ ዋጋ ሳይሆን የእጅ ዋጋው ነው፤ ስለዚህ አንድ ሊፍተር ብቻ ቀይሮ መዝጋት ለእኔ ቁጠባ አይደለም። ቢያንስ የዚያን ወገን ስምንቱን፣ አቅም ካለ 16ቱንም ቀይሩ። ጂኤም ላይ አራት አራቱን የሚይዙትን የፕላስቲክ ማቀፊያዎችና ሶሌኖይዶቹ ያሉበትን የላይኛውን የዘይት ሳህን አብራችሁ ለውጡ፤ ፒኑን ያስያዘው እሱ ሊሆን ይችላል።

ካምሻፍቱን ሳያዩ የሚዘጋ መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በመብራት እያያችሁ ጥፍራችሁን በየጉብታው ላይ አስኪዱ። የሚነካ ጭረት ወይም ጉድጓድ ካለ ካምሻፍቱም ይቀየራል፤ የተፋቀ ሮለር አዲስ ካምሻፍት ላይ፣ የተፋቀ ካምሻፍትም አዲስ ሮለር ላይ አይኖርም። የድሮውን የዘይት ፊልትሮ በመጋዝ ክፈቱት። ወረቀቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብረት ካለ ካርተሩም መውረድ አለበት።

የቴስታታ ብሎኖቹ አንዴ ከጠበቁ በኋላ የሚሳቡ ስለሆኑ ድጋሚ አይሠሩም፤ ከአዲስ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ጋር አዲስ ይገዛሉ። ከዚህ ሥራ ሁሉ አንዲት ነገር አስምሩልኝ፦ ጂኤም ላይ ቴስታታው ሲወርድ የሞተር ውኃ ብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳዎቹ ታች ድረስ አያልፉም። ውኃውን በኮምፕሬሰር ነፍታችሁ ሳታወጡ ብሎን ብታጠብቁ፣ የታመቀው ውኃ ብሎኩን ይሰነጥቃል።

ማሳረፉን ሙሉ በሙሉ ማስወገድስ?

ስካነር በሚሰካበት ኦቢዲ ሶኬት ላይ የሚሰካና ሞተሩን ሁልጊዜ በስምንት ሲሊንደር የሚያሠራ ዕቃ አለ። ራም ላይ መጎተቻ ሞዱን መጫንም ማሳረፉን ያጠፋዋል። ጤነኛ ሊፍተር ላይ ጥሩ ነው፤ የተኛውን ግን አያስነሳም። መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ዕቃውን ንቀሉት፣ ባትሪ ይጠጣል። ነዳጅ ይጨምራል ብላችሁ አትጨነቁ። በ2021 የቺፕ እጥረት ጊዜ ጂኤም ራሱ አንዳንድ 5.3 ፒካፖችን ያለ ማሳረፊያው መቆጣጠሪያ ሸጧቸዋል፤ ልዩነቱ በጋሎን 1 ማይል ያህል ነበር። ካምሻፍትና ሊፍተር ለውጦ ኮምፒውተሩን አስተካክሎ ሥርዓቱን ከሥሩ መንቀል ግን አሜሪካ ውስጥ ከጭስ ሕግ ጋር ያጋጫል፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ላሉት የጭስ ምርመራው ይጠብቃቸዋል።

ዘይት ላይ የማደርገውን ልንገራችሁ። መኪናው ራሱ «ዘይት ቀይር» እስኪል አልጠብቅም፤ በ5,000 ማይል እቀይራለሁ። እስከ 2013 ላሉት 5.3 ሞተሮች 5ደብሊው-30፣ ከ2014 ወዲህ 0ደብሊው-20፣ ለአብዛኞቹ ሄሚ 5ደብሊው-20 ነው። ድምፅ ለማጥፋት ወፍራም ዘይት ወይም በጠርሙስ የሚሸጥ መድኃኒት መጨመር አልመክርም፤ ይህ ሥርዓት በቀጭን ዘይት እንዲሠራ ተደርጎ ነው የተሠራው። በቆሻሻ የተያዘ ፒን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ዘይት ሲቀየርለት ሲለቅ አይቻለሁ፤ የተፋቀ ብረት ግን ሲድን አላየሁም።

ጥገናው ሲያልቅ ነዳጁ ተቆርጦ ሞተሩ ይዙር፤ ግፊቱ ጌጁ ላይ እስኪታይ። ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ጠክ ጠክ ቢል አትደንግጡ፣ አዲሶቹ ሊፍተሮች አየራቸውን እያስወጡ ነው። በ500 ማይል ዘይቱን አፍስሱና ፊልትሮውን እንደገና በመጋዝ ክፈቱት።