ስለ ቻይና ታዳጊዎች ጭንቀትና ጥፋት የተሠራ ጥናት ሳይሸወዱ ለማንበብ

«ወንዶቹ ሲጨነቁ ያጠፋሉ፣ ሴቶቹ ግን ራሳቸውን ይገዛሉ።» እንዲህ ያሉ ጥናቶችን ገረፍ ገረፍ አድርጎ ያነበበ ሰው ይዞት የሚወጣው ይህን ነው። ቆዩ፣ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ መጠይቁን ፈልጉ። «ጥፋት» ተብሎ የተቆጠረው ምንድን ነው? ተደባድበህ ታውቃለህ፣ ሰርቀህ ታውቃለህ፣ ንብረት ሰብረሃል ወይ ብቻ ከሆነ፣ ምግብ አልበላ ያላት፣ እንቅልፍ ያጣችው ወይም ራሷን የምትጎዳው ልጅ እዚያ ውስጥ የለችም። ሠንጠረዡ ላይ ደህና ሆና ትወጣለች። የወንጀል ጥናት ምሁራኑ ብሮይዲና አግኒው እ.ኤ.አ. በ1997 ያነሱትም ይህንኑ ነው፤ ሴቶች ላይ ያለው ጫና ስላነሰ ሳይሆን፣ ንዴታቸው ከሐዘንና ራስን ከመውቀስ ጋር ስለሚደባለቅ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ይዞራል። ሌላውን ብትዘሉ እንኳ ይህቺን አትዝለሉ።

ቀጥሎ ጫናው ከየት እንደመጣ እዩ። ቻይና ውስጥ ፈተና ቀልድ አይደለም። ጆንግካኦ የሚባለው ፈተና ገና በ15 ዓመት ገደማ ማን መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ማን ሙያ ትምህርት ቤት እንደሚገባ ይለያል፤ ከዚያ ጋኦካኦ አለ፣ የዩኒቨርሲቲው። በዚህ የተነሳ ብዙ ተማሪ ቀን ተምሮ ማታም እዚያው ክፍል ለጥናት ይቀመጣል። ወላጆቹ ለሥራ ከተማ ሄደው ገጠር ከአያቶቹ ጋር የቀረው ልጅ ደግሞ ጫናውም ክትትሉም ሌላ ነው። ስለዚህ የሻንጋይን ውጤት ለገጠሩ አታውሱ።

ራስን መግዛት ላይ ሁለት ነገር እንዳይምታታባችሁ። ሴቶች በአማካይ ከፍ ያለ ነጥብ ማምጣታቸው አንድ ነገር ነው። ራስን መግዛት ወንዱን ከሴቷ የበለጠ ከጥፋት ይጠብቃል ማለት ደግሞ ሌላ፣ ልዩነቱ በቀጥታ መፈተሽ አለበት። «ለወንዶች ጉልህ ነው (በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም ማለት ነው)፣ ለሴቶች አይደለም» ብቻ ተብሎ ከታለፈ አይበቃም፤ የሚያጠፉት ሴቶች ጥቂት ሲሆኑ ግንኙነቱ ቢኖርም ላይታይ ይችላል።

ማን እንደሞላውም ጠይቁ። መጠይቁ ክፍል ውስጥ ከተሞላ ትምህርት ያቋረጡት የሉበትም፣ አስተማሪው በወንበሮቹ መሃል እየተንጎራደደ ደግሞ «አዎ፣ ሰርቄያለሁ» የሚል ስንት ይገኛል?

የተሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ደግሞ የቱ እንደቀደመ አይታወቅም። ተደባድቦ ከትምህርት ቤት የታገደ ልጅም እኮ ይጨነቃል።