ጥቅሉ አልዞርም ሲል

ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ የሚሠሩት ትንሽ ሞተራችን ይኼው ነው፦ አንድ ባለ 1.5 ቮልት ትልቁ ድንጋይ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት፣ 15 ዙር የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ፤ «ጥቅሉ» የምለው ይኼን ነው። ሽቦውን እዚሁ ጅማ ሞተር ከሚጠመጥሙ ልጆች ቁርጥራጭ ለምኜ ነው የማመጣው።

ጭራሽ አይነቃነቅም። ሽቦው ራቁቱን ይመስላል እንጂ ቫርኒሽ ለብሷል። ጫፎቹን መዳቡ እስኪያበራ በምላጭ ፋቁ። የጅማ ዝናብ ደግሞ መርፌ ቁልፍ አይምርም፤ ሳጥን ውስጥ ከርሞ ከዛገ ጥቅሉ የሚያርፍበትን ቀዳዳም በብርጭቆ ወረቀት እሹት። ከዚያ ማግኔቱን አስጠጉ፤ ሳይነካ የሚያልፍበት ያህል ክፍተት ይበቃል።

ይወዛወዛል እንጂ አይዞርም። ሁለቱም ጫፎች ዙሪያቸውን ተልጠዋል። ግማሽ ዙር ማግኔቱ ወደፊት ይገፋዋል፤ በቀጣዩ ግማሽ ያው ኤሌክትሪክ ወደኋላ ይመልሰዋል። አንዱን ጫፍ ሙሉ በሙሉ፣ ሌላውን ግማሽ ጎኑን ብቻ ፋቁ። ገበያ ላይ ባለው ሞተር ኮሙቴተር የሚባለው ክፍል በየግማሽ ዙሩ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ይገለብጣል፤ የኛው ዝም ብሎ ያቋርጥና ቀሪውን በሩጫው ይጨርሳል።

ግማሹ ተፍቆም እንቢ አለ። «ቲቸር፣ ግማሹን ፋቅኩ እኮ!» አለችኝ አንዷ፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። እውነቷን ነው፤ ግን ጥቅሉን ደብተሯ ላይ አስተኝታ ነበር የፋቀችው። ማግኔቱ ከሥር ሲሆን ጥቅሉ በደንብ የሚገፋው ቀጥ ብሎ በቆመበት አካባቢ ነው፤ ኤሌክትሪክ ማግኘት ያለበትም ያኔ ነው። ስለዚህ በጠርዙ እንደቆመ ሳንቲም አቁማችሁ ያዙትና የጫፉን የላይኛውን ጎን ብቻ ፋቁ። ተሳስቶ የተፋቀውን ጎን የጥፍር ቀለም ቀብታችሁ አድርቁት፤ ሽቦ አትጣሉ። የእሷንም በጓደኛዋ ቀይ ቀለም ነው ያዳንነው።

ድንጋዩ ይግላል። ጥቅሉ ሳይዞር ተገናኝቶ ቆይቷል። አጭር ሽቦ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያግድም፤ በየሙከራው መሀል ንቀሉት። «ሶኬት ላይ ብንሰካውስ?» የሚል አይጠፋም። 220 ቮልት ገዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ወደ አንድ ጎን ብቻ ይዞራል። ይኼ ብልሽት አይደለም። በአንዱ ጎን ገፍታችሁት እንቢ ካለ በሌላው ጎን ገፋ አድርጋችሁ አስጀምሩት። ከዞረላችሁ በኋላ ማግኔቱን ገልብጡት፤ ከመገልበጣችሁ በፊት ግን ወዴት እንደሚዞር እያንዳንዱ ተማሪ ደብተሩ ላይ ይጻፍ።