ገደል ላይ የተነሳ የደን እሳትን በዶማና በገጀራ መቁረጥ

በልግ ሲከዳ በሰሜን ሸዋ ያለውን የወፍ ዋሻን ደን ለማንደድ ማር ቆራጭ ጥሎት የሄደ ችቦ ይበቃል። ሰው ጭስ ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጦ እሳቱን መደብደብ ነው። ይህ የሚሠራው ነበልባሉ ከወገብ በታች ሲሆን ብቻ ነው። ያኔም ቅርንጫፉን ከፍ አድርጎ መምታት ፍንጣሪ ይበትናል፤ ተጭኖ ወደ ተቃጠለው ወገን መጥረግ ይሻላል። ነበልባሉ ከወገብ ካለፈ ፊት ለፊት አትግጠሙት፤ መስመር ቁረጡለት፤ ማለትም ሊነድ የሚችለውን ሁሉ ጠርጋችሁ ከፊቱ ባዶ መሬት አብጁለት።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ማለዳ አየሩ እርጥብ ነው፣ ነፋሱም ቁልቁል ይወርዳል። ከረፋዱ 3 ወይም 4 ሰዓት ጀምሮ ግን ከቆላው የሚነሳው ሞቃት አየር አቀበቱን ይዞ ይወጣል፤ እሳቱም አብሮት ይሮጣል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሥራ ጀምሩ። በሌሊት ገደል ላይ መሥራት አያዋጣም፤ ከእሳቱ ይልቅ ገደሉ ሰው ይጨርሳል። በማንኛውም ሰዓት ቢሆን ከሚነድ ተዳፋት በላይ አትቁሙ።

ለ20 ሰው የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ቢሆን ይመቻል፦ 5 በገጀራና በመጥረቢያ ቆራጭ፣ 4 ጎታች፣ 7 በዶማ ቆፋሪ፣ 2 በአካፋ ጠራጊ፣ 1 አዛዥ፣ 1 ደግሞ እሳቱም ሠራተኛውም በሚታየው ቦታ ቆሞ የሚጮህ ቃኚ። ቃኚውን ለቁፋሮ አትውሰዱት። ኮንጎ ጫማ ያደረገውን ወደ ፍም አታስጠጉ፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከእግር ቆዳ ጋር ይጣበቃል።

መስመሩ እሳት ዞሮ ከኋላ እንዳይመጣ እሳት ከማይሻገረው ነገር ይነሳል፦ ከመንገድ፣ ከወንዝ፣ ከራቁት ቋጥኝ ወይም ተቃጥሎ ከበረደ መሬት። ስፋቱ የቁጥቋጦውን ቁመት እጥፍ ያህል ይሁን፤ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ 2 ሜትር ከሆነ 4 ሜትር ጥረጉ። ከዚያ ውስጥ 1 ሜትሩን አፈሩ እስኪታይ ቆፍሩት። ብዙ መስመር የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው፤ ላዩ የተጠረገ ቢመስልም ከሥሩ የቀረው ብስባሽና ሥር እሳቱን እንደ ክር አሳልፎ ይሰጠዋል። የተቆረጠውን እርጥብ ቅጠል እሳቱ ከሌለበት ወገን ጣሉት፤ የሚጨሰውን ወደ ተቃጠለው መልሱት። እሳቱ ሽቅብ እየወጣ ከሆነ መስመሩን ከሸንተረሩ ጫፍ አልፋችሁ በጀርባው አውርዱት፤ እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ከእሳቱ በታች ያለው መስመር ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። የሚነድ የጥድ ጉቶ ተነቅሎ ሲንከባለል የተጠረገ መሬት አያቆመውም። ከግማሽ ሜትር የማያንስ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ፣ አፈሩንም በታችኛው ወገን እንደ እርከን ክትር ከምሩት። ቦዩ ሲሞላ አውጡለት፤ አለዚያ ሁለተኛው ግንድ በመጀመሪያው ላይ ዘሎ ያልፋል።

ነበልባሉ ሲጠፋ አብዛኛው ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በሦስተኛው ቀን ደኑ እንደገና ሲነድ የሚገርመንም ለዚህ ነው። ረመጡ በሥር ውስጥ ለቀናት ይቆያል። የእጃችሁን ጀርባ መጀመሪያ ከመሬቱ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ካላቃጠለ ብቻ ንኩ። ሙቅ ከሆነ ቆፍሩ፣ ውኃ ጨምሩ፣ ከአፈር ጋር እንደ ጭቃ ለውሱ። ከላይ ብቻ ማፍሰስ ውኃ ማባከን ነው። የአረም መድኃኒት መርጫውም ለዚህ ያገለግላል፤ አስቀድሞ ግን በደንብ ይታጠብ። ቢያንስ 3 ቀን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ መስመሩን እየዞሩ ማየት ያስፈልጋል።

በሞቃታማ ዝናባማ ደን ውስጥ ከጉልበት የማይበልጥ እሳት እንኳ ቅርፊተ ስስ ዛፎችን ይገድላል። የኛ የደጋ ጥድ ደግሞ ቅርፊቱ ደረቅ ልጥ ስለሆነ እሳቱን እስከ ጫፍ ያወጣዋል፤ አንዴ ከሞተም ከጉቶው አያቆጠቁጥም፣ ተስፋው ከዘር የሚበቅለው ችግኝ ነው። ስለዚህ የተቃጠለውን ቦታ ከከብት ከልሉ። ወይራና አስታ ግን ከሥር ያቆጠቁጣሉ፤ የጠቆረውን የወይራ ጉቶ ለከሰል አትንቀሉት።