የደም ቧንቧ ውስጠኛው ሽፋን ሲቆስል እንዴት ነው የሚድነው? እኛስ እንዴት እናግዘው?

ልባቸው ላይ ስቴንት (የጠበበውን የልብ ደም ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የብረት ወንፊት) ተደርጎላቸው ጅማ የሚመለሱ እናት አባቶቻችን ውጋቱ ሲጠፋላቸው ዳንኩ ብለው ኪኒኑን ያቆማሉ፣ እባካችሁ እንዳያቆሙ። ለምን እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ የቆሰለው ምን እንደሆነ እንወቅ። ከልብ ደም ይዞ የሚወጣው ቧንቧ፣ አርተሪ የምንለው፣ ውስጡ ኢንዶቴልየም በሚባል ሽፋን ተለብጧል፣ ውፍረቱ የአንድ ሴል ብቻ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እያመነጨ ቧንቧውን ያላላል፣ ደሙም እዛው እንዳይረጋ ያደርጋል። ሲጋራ፣ ግፊትና ስኳር ቀስ እያሉ ይጎዱታል፣ ቧንቧው ውስጥ ባሉን (ትንሽ ፊኛ) ተነፍቶ ስቴንት ሲገባ ግን ባንዴ ነው የሚላጠው።

2. ሲላጥ ከስር ያለው ኮላጅን የሚባል የግድግዳው ክር ይጋለጣል፣ ፕላትሌቶች (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን የደም ሴሎች) ወዲያው መጥተው ይለጠፉበታል። ከዛ በቁስሉ ጠርዝ ያሉት ጤነኛ ሴሎች ልክ ሰርዶ ከዳር ከዳር እየተሳበ ባዶ መሬት እንደሚሸፍነው እየተዘረጉ ወደ ባዶው ቦታ ይገባሉ፣ በ1 በ2 ቀን ውስጥም መባዛት ይጀምራሉ። ችግሩ እነሱ እስኪደርሱ ከግድግዳው ያሉት የጡንቻ ሴሎችም ወደ ውስጥ እየመጡ ይባዛሉ፣ ከበዙ ቧንቧው እንደገና ይጠባል። መድሃኒት የተቀባ ስቴንት የመጣው ለዚህ ነው፣ ግን መድሃኒቱ የሽፋኑንም ሴል ስለሚያዘገየው ብረቱ ለወራት ሳይሸፈን ሊቆይ ይችላል፣ ባልተሸፈነ ብረት ላይ ደግሞ ደም ይረጋል!

3. ስለዚህ ፕላትሌቶች ተጣብቀው ደም እንዳያረጉ የሚከለክሉት ኪኒኖች፣ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል፣ አይቋረጡም። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ከ6 እስከ 12 ወር ይወሰዳሉ፣ ልኩን የሚወስነው የልብ ሐኪሙ ነው። ጥርስ ለማስነቀል እንኳን ቢሆን ሐኪሙ ሳይጠየቅ በራስ ማቆም የለም።

4. ሲጋራ በቃ ማቆም ነው። እዚህ ጅማ ብዙ ሰው ሲጋራ የሚያጨሰው ጫት ላይ ነው፣ ጫቱ ራሱ ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ ስለዚህ አንዱን ይዞ አንዱን መተው ከባድ ነው፣ ቤተሰብ ካለ አብሮ ያግዝ።

5. እግር ማንቀሳቀስ። ደም ፈጠን ብሎ ሲፈስ ሽፋኑ ናይትሪክ ኦክሳይድ በደንብ ያመነጫል። ሐኪሙ ሲፈቅድ መጀመሪያ ሜዳ ሜዳውን፣ የጅሬን ዳገት ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት የሚወጣው በኋላ ይደርሳል።

ሽፋኑ ቢገጥምም አዲሶቹ ሴሎች ቶሎ እንደ ድሮው አይሰሩም፣ ስለዚህ የግፊትና የስኳር ክትትሉ ይቀጥል። ደረት ላይ የሚጫን ህመም ከተመለሰ፣ ላብ ካጠመቀ ወይ ትንፋሽ ካጠረ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው፣ የሚወስዱትንም ኪኒን ያዙላቸው።